ለፎቶ የተሰጠ ጭምብል

የጽዳት ሠራተኛው አዲሱን ጭምብል አፍንጫው ላይ ገና ሳያመቻች የካሜራው መብራት ብልጭ አለ። ሲስተሯ ትከሻውን አቅፋ፣ "ጋሼ፣ ቀና ይበሉ እንጂ! የእኛ ጀግና እኮ እርስዎ ነዎት" አለችው። የወረርሽኙን ክፍል አክታ ሲጠርግ የሰነበተው የልጁን አሮጌ ሻርፕ ፊቱ ላይ ጠምጥሞ ነበር። ከእሷ አፍ "ጋሼ" ሲወጣ የዚያን ቀን ገና መስማቱ ስለነበር ሳያስበው ደረቱ ነፋ አለ።

ፎቶ አንሺው እንደወጣ ሲስተሯ እጇን ዘረጋች። "በል አውልቀው። ለሐኪሞቹም አልበቃ።"

"እኔስ? እኔ ሳንባ የለኝም?"

"አንተ ደግሞ! የለመድከው ነው፤ ምን ይነካሃል?"

ላስቲኩን ከጆሮው ላይ ቀስ ብሎ አላቀቀ። ከጠዋት ጀምሮ በረኪናው አልሸተተውም ነበር። ሕሙማኑም ሲገቡ የሚሉት ይህንኑ ነው። ሊነግራት አፉን ከፈተ። እሷ ግን ጭምብሉን ተቀብላ፣ እፍ እፍ ብላ፣ ካርቶኑ ውስጥ ከአዳዲሶቹ ጋር ቀላቀለችው።

"ምን ይገትርሃል? መጥረጊያህን አንሳ እንጂ!"

አፉን መልሶ ገጠመ።