አስር ፐርሰንት

ተማም ደረሰኙን ወደ አስተናጋጇ መልሶ ገፋው። «አስር ፐርሰንት ሰርቪስ ይላል። ቲፕ በፍላጎት ነው እንጂ በግድ ነው እንዴ? አቦ፣ ለመሆኑ ምን ያደረግሽልን ነገር አለ?» ድምፁን ከፍ ያደረገው ጎን ያሉት ተመጋቢዎች እንዲሰሙለት ነበር፤ ሰሙለትም። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሄደች፤ ከካሸሯ ጋር ጥቂት ተነጋግራ አስር ፐርሰንቱ የተቀነሰበት ደረሰኝ ይዛ ተመለሰች። ሸሚዟ በላብ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ነበር።

«ይቅርታ፣ ተስተካክሏል» ብላ ጠረጴዛው ላይ ስታኖረው ነፋስ ሊወስደው አነሳው። ተማም በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያዘው፤ ነፋስ መኖሩንም ልብ ያለው ያን ጊዜ ነው። ሲገቡ የድሬ ሙቀት እናቱን ትንፋሽ አሳጥሯት በሜኑው ስታራግብ ነበር። አሁን ግን የሻሿ ጫፍ ይውለበለባል። ከኋላዋ ቬንቲሌተር ቆሟል፤ ገመዱ ወለሉን አቋርጦ አስተናጋጆቹ ከሚቆሙበት ጥግ ድረስ ተዘርግቷል።

እናቱ ጆሮዋ ስለደከመ ከተባለው አንዱንም አልሰማችም። የልጅቷን እጅ ያዝ አደረገች። «የኔ ልጅ፣ አላህ ይስጥሽ። እኔስ በረድ ብሎልኛል፤ በይ አሁን ወደ ቦታሽ መልሺው፣ አንቺንም ይንፈስሽ።»

ተማም አውራ ጣቱን ከደረሰኙ ላይ ማንሳት አቃተው።