የተዘለለው ውጤት

«የመሰናበቻ ወረቀቷን ስጭንና እንሂድ፤ የደቅ ደሴት ጀልባ ሳያመልጠን» አሉ መርጌታ መርስዔ ኀዘን። ቁጭ ይበሉ ቢባሉ እንቢ ብለው ቆመዋል። ልጃቸው ሸጊቱ ከባሕር ዳሩ ኮሌጅ በውጤት ተባራለች።

የኮሌጁ መዝገብ ቤት ጸሐፊ እናትዓለም ማኅተሙን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። አሁን ከፋይሉ ያወጣችው የሸጊቱ የፈተና ወረቀት ሰማንያ አራት ይላል። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ግን ሠላሳ አንድ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ገባት።

ኮምፒዩተሩ ቢሮዋ ከገባ ገና መንፈቁ ነው። ስሞቹን በተከታታይ፣ ውጤቶቹን ደግሞ ከሥር በተከታታይ ጽፋ «አንብብ» ስትለው፣ ለመጀመሪያው ስም የመጀመሪያውን ቁጥር፣ ለሁለተኛው ሁለተኛውን እያለ ያድላል። የማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ተራ ብቻ ነው የሚያውቀው። የሸጊቱን ክፍል ስትጽፍ እሷ መሀል ላይ አንድ ውጤት ዘለለች። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የጎረቤቱን ወሰደ፤ መጨረሻ ላይ ማሽኑ ቁጥር አለቀብኝ ብሎ ቆመ። ኃላፊው ጓድ ሣህሉ አናቷ ላይ ቆመው «እስካሁን?» ሲሏት፣ አንድ ቁጥር ምን ያመጣል ብላ ከራሷ ስድሳ ጨመረችለት። ማሽኑም ዝም አለ።

«ምነው ልጄ፣ የማኅተሙ ቀለም አልቆ ነው?»

«አባቴ፣ ሸጊቱ ስለ ፈተናው ምን አለችዎ?»

«ተዪው እሱን። ‹ጥሩ ሠርቻለሁ› ብላ በኪዳነ ምሕረት ማለችልኝ። ሰሌዳው ላይ በዓይኔ እያየሁት! መውደቋስ ይሁን፤ አንጀቴን የቆረጠው በሐሰት መማሏ ነው። እኔም ረገምኋት።»

እናትዓለም ብትናገር እንጀራዋን ታጣለች። የአባት እርግማን ግን እንዲህ በዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ያውም የመርጌታ።

«አልዋሸችም» አለች። «አልወደቀችምም። ማሽኑ ላይ ስጽፍ ያሳሳትሁት እኔ ነኝ። ውጤቷ ይኸውልዎ።»

መርጌታ ወረቀቱን አዩት፤ ደግመው አዩት። ይጮኹብኛል ብላ አንገቷን ደፋች፤ ቢጮኹባት በቀለላት። እሳቸው ግን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው ተጣድፈው ወጡ።

በመስኮት አየቻቸው። ሸጊቱ ከዋርካው ሥር ሣጥኗ ላይ ተቀምጣለች። አባቷ ሲመጡ ብድግ አለች። መርጌታ ጥምጣማቸውን አውልቀው ጉልበቷን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ሸጊቱ ሊመቷት መስሏት ፊቷን በክንዷ ከለለች።