ከግቡ ጀርባ ያለው ረድፍ

ዛሂድ የበረዶ ሆኪ ወዳጅ የሆነው ከዝናብ ሲሸሽ ነው። ለንደን በገባ በመጀመሪያው ዓመት ኬኒንግተን ካለ አንድ አዳራሽ ደጃፍ ተጠለለ፤ ከውስጥ ጩኸት ሰማ፤ ገባ። ሰዎች እየተንሸራተቱ አንዲት ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ በዱላ ሲያሳድዱ አየ። የገና ጨዋታን በረዶ ላይ አምጥተው የሚጫወቱ መሰለው። በዚያው ቀረ።

ቡድኑ ቁራዎቹ ይባላል፤ ድሃ ቡድን ነው። ዛሂድ ወዳጆቹን አንድ በአንድ እየጎተተ ከግቡ ጀርባ ያለውን ረድፍ ሙሉውን የሐበሻ አደረገው።

ዘንድሮ ግን ቁራዎቹ ሊዘጉ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከቴምዝ ማዶ ሮያልስ የሚባል ሀብታም ቡድን አለ። አንድ የመጠጥ ኩባንያ ይደጉመዋል፤ አዳራሹ የቁራዎቹን አራት እጥፍ ሰው ይይዛል፤ ስለዚህ ቲኬቱን በርካሽ መሸጥ ይችላል። ቁራዎቹ ደግሞ ወንበራቸው ጥቂት ነው፤ የተጫዋች ደመወዝ ለመክፈል እያንዳንዱን ወንበር ማስወደድ አለባቸው። ቲኬት ሲወደድ ሰው ይቀራል። ሰው ሲቀር ጎበዝ ተጫዋች ይሄዳል። ወዴት? ወደ ሮያልስ ነዋ!

«ድሃ ከሀብታም በላይ የሚከፍለው ዘይት በሲኒ ስለሚገዛ ነው» ይላል ዛሂድ። «እኛም በሲኒ ነው የምንገዛው። ግን እንገዛለን!»

ቡድኑ የሚተርፈው የመጪው ዓመት ቲኬት አስቀድሞ ከተሸጠ ብቻ ነው ተባለ፤ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ሰኞ። ዛሂድ የረድፉን ሰው ሁሉ እንደሚገዛ ቃል አስገባው። ቁራዎቹ ከሌሉ ለንደን ለእሱ ዝናብ ብቻ ናት።

እሑድ ማለዳ፣ ስቶክዌል ካለው ቤቱ ደጅ፣ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማ። ኮቴው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ማንም አላንኳኳም። ሹክሹክታ ብቻ።

«አንተ አንኳኳ።»

«አይ ጋሼ፣ እርስዎ ይሻላሉ።»

ዛሂድ ራሱ ከፈተው። ፊት የቆሙት ጋሼ ኪዳነማርያም ናቸው፣ የረድፉ አዛውንት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀርተው የማያውቁ ሰው። ከኋላቸው የልብ ጓደኛው አህመዲን፤ ከአህመዲን ኋላ ፋና፣ ምግብ በፌስታል ይዛ። ሦስቱም ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«በደህና ነው ጋሼ?»

«ደህና ነው፣ ደህና ነው። በዚህ ስናልፍ ነው እንጂ…»

የጋሼ ቤት ክሮይደን ነው፣ ከከተማው ዳር። በማለዳ ከክሮይደን ተነስቶ በዛሂድ ደጅ የሚያልፍ ሰው የለም።

ዛሂድ ቶሎ ትዝ ያለችው እናቱ ናት። ደሴ ናት፤ ኩላሊቷን መታጠብ ከጀመረች ቆይታለች። እህቱ ሰቢሃ ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውልለታለች፤ ትናንት አልደወለችም።

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር መቼም ማንም ያውቃል። በማለዳ ይመጡብሃል። ሽማግሌ ይቀድማል። ስልክህን ከእጅህ ያርቃሉ። ከዚያ ያበሉሃል፤ ከነገሩህ በኋላ እህል በአፍህ አይዞርማ።

አህመዲን ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ስልክ አንስቶ ኪሱ ከተተ። «ቻርጅ ላድርግልህ።»

«ኪስህ ውስጥ ነው እንዴ ቻርጅ የሚደረገው?»

«ኋላ… ኋላ ይደረጋል።»

ፋና ፉሉን ሳህን ላይ ገልብጣ ዳቦ ቆረሰችለት። «በል ብላ።»

«አልራበኝም።»

«በሞቴ! ሁለት ጉርሻ ብቻ።»

ጎረሰ፤ አፉ ውስጥ ጎማ ሆነበት። ጋሼ ኪዳነማርያም አጠገቡ ተቀምጠው ጉልበቱን ያዙት።

«ልጄ፣ ሰው እስከ አቅሙ ነው የሚታገል። አንተ የምትችለውን ሁሉ አድርገሃል። ያንተ ጥፋት የለበትም፤ ማንም አይፈርድብህም።»

ዛሂድ የሚመጣውን ቃል ማዘግየት ፈለገ። ሌላ ወሬ አጣና የሚያውቀውን አነሳ። «ነገ እኮ የመጨረሻው ቀን ነው። ቲኬቱን…»

ፋና አንገቷን ደፋች። አህመዲን ወደ መስኮቱ ሄዶ ጀርባውን ሰጠ። በሐምሌ እንኳ ከአንገቱ የማይለየው የቁራዎቹ ሻርፕ ዛሬ የለም።

«ስለሱ አሁን አናውራ» አለ።

«እሺ ስልኬን አምጣ። ሰቢሃ ጋ ልደውል።»

«አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም? የራሴ ስልክ!»

«ከከፈትከው ታየዋለህ።» አህመዲን ኪሱን በእጁ ሸፈነ። «ከስልክ ከምታየው፣ ከሰው አፍ ብትሰማው ይሻላል ብለን ነው ተሰብስበን የመጣነው። ትናንት ማታ ነው… ሁሉም በአንዴ ሆነ።»

ዛሂድ ተነሳና ወለሉ ላይ ተደፋ። «እማዬ!» አለ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን… እማዬን!» ደረቱን ይመታ ጀመር። ከጎረቤት ግድግዳ ተደበደበ። ፋናም፣ ማልቀስ የሚገባ መስሏት፣ አብራው አለቀሰች።

ጋሼ ኪዳነማርያም ደንግጠው እጁን ያዙት። «ኧረ በስመአብ! ምን ነካህ? እናትህ ደህና ናት! ሁለት ሐዘን ባንድ ቀን እንዳይሆንብህ ብዬ፣ ከመምጣታችን በፊት ሰቢሃን ደውዬ ጠይቄያታለሁ። እናትህ ሾርባ እየጠጣች ነው አለችኝ።»

ዛሂድ ከወለሉ ቀና አለ። እንባው አገጩ ላይ ቆሟል።

«ታዲያ ማነው የሞተው?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «በርታ ልጄ፤ ረድፉ በሙሉ የሮያልስን ቲኬት ገዝቷል… ላንተም መሐላችን አንድ ወንበር ይዘንልሃል።»