ከቤት እስከ በረት የተወጠረው ገመድ

በበረዷማው የሳስካቸዋን የእርሻ ሜዳ አውሎ በረዶ ሲነሳ ሰው የገዛ አፍንጫውን እንኳ አያገኝም። ስለዚህ አገሩን ካቀኑት አያቶች ጀምሮ፣ ተይዞ የሚኬድበት ገመድ ከቤት እስከ በረት ይወጠራል።

አምና አውሎው ተነስቶ ወንድሙ ኦቶ በረት ሳለ፣ ኤሚል "ትንሽ ይደናበርልኝ" ብሎ ለቀልድ የገመዱን የቤት በኩል ጫፍ ፈታው። ኦቶን ቀድመው ያገኙት ተኩላዎች ናቸው። ሰው ሁሉ ገመዱን ፈታ ብሎ ነፋሱን ረገመ፤ ኤሚልም አብሮ ረገመ።

ዘንድሮ በጠራራ ፀሐይ የኦቶን ሚስት ሂልዳን ሊጠይቅ መጣ። ገመዱ ዛሬም እንደተወጠረ ነው። ድንገት ከበረቱ በኩል፣ ሰው እየጨበጠው እንደሚመጣ ሁሉ፣ ይረግብና ይወጠር ጀመር። ግቢው ባዶ ነው።

"ምነው ኤሚል፣ አመድ መሰልክ? ድሮ ቀልድህ አያልቅም ነበር" አለች ሂልዳ። "በል ጫፉን ያዝልኝ፤ ነፋስ እንዳይፈታው።"

ያዘው።

ሂልዳ ባዶውን ግቢ እያየች፣ "ኦቶዬ፣ ማን ነበር የፈታው?" አለች።

ገመዱ ዞሮ የኤሚልን የእጅ አንጓ ጥብቅ አድርጎ አሰረ።