ከባልቻ መኪና ላይ የቆረጥኩት ብረት

ጥቅምት 12 ቀን 2041 ዓ.ም.፣ ዕድሜዬ ሰባ አንድ ሳለ፣ የጎረቤቴን የባልቻን የጭነት መኪና ለዓመታዊ ምርመራ ይዘን ሄድን። በዚያን ጊዜ ማንኛውም ተሽከርካሪ ቦሎ የሚሰጠው፣ በኮምፒውተር ውስጥ ከከተማው ተሽከርካሪዎች ሁሉ ጋር ተጋጭቶ ማንንም ካልገደለ ብቻ ነበር።

መርማሪዋ ወይዘሪት ሲፈን ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። የባልቻ መኪና አንዲት ባለሦስት እግር ታክሲ ጨፍልቆ አለፈ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነውና ታርጋዋን ቀስ ብዬ አነበብኩ።

«የልጄ የትርንጎ ናት» አልኩ።

ሲፈን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባባ፣ ከፊት ያለውን ብረት ማን በየደው?»

«እኔ።»

«ግሩም ብየዳ ነው። ፈጽሞ አልተጣጠፈም። የገደላትም እሱ ነው።»

«ከተቆረጠ እኔን ምን ሊከልለኝ ነው?» አለ ባልቻ።

«እርስዎም ይጎዳሉ፤ ግን ሁለታችሁም ትተርፋላችሁ።»

ባልቻ ወደ እኔ ዞሮ፣ «በል ቁረጠው» አለኝ። የገዛ ሥራዬን በገዛ እጄ ቆረጥኩት።

በሚያዝያ ወር ባልቻና ትርንጎ አንድ መታጠፊያ ላይ በእውን ተጋጩ። ከሳምንት በኋላ ባልቻ በምርኩዝ እያነከሰ፣ ብርቱካን ይዞ ቤታችን መጣ። የትርንጎ ቀኝ እጅ በጀሶ ታስሮ ስለነበር፣ ብርቱካኑን እሱ ላጠላት።

«ጋሼ፣ መንዳቱን ባይችሉበትም መላጡን ይችሉበታል» አለችው።

እነሱ ሲስቁ እኔ ፊቴን አዞርኩ። ብረቱ ባይቆረጥ ኖሮ፣ ባልቻ ያለ ምርኩዝ ለልቅሶ ይመጣ ነበር።

ብርቱካኑ የተላጠበት ዕለት ማክሰኞ ይመስለኛል፤ ተሳስቼ እንደሆነ የሚያስታውስ ያርመኝ።