የኮቱ ቁልፍ

ልብስ ሰፊዋ ጎርፉ በጎደለበት ሱቋ ውስጥ ቁጢጥ ብላ፣ የስፌት ማሽኗን ጭቃ በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግ የወንድሟ ልጅ ደጃፉ ላይ ደረሰ። የሱቋን ኢንሹራንስ የሸጠላት እሱ ነው። ከጎርፉ ውል ይልቅ የእሳቱ ለእሱ የሚያስገኝለት ኮሚሽን ስለሚበልጥ፣ «እዚህ ሰፈር ደግሞ ምን ጎርፍ አለ?» ብሎ ያሳቃትም እሱ ነው።

«አክስትዬ» አለ አንገቱን ደፍቶ፤ «ውልሽ የእሳት ብቻ ነው። ለጎርፍ አይከፍሉም።»

የማሽኑን መዘውር ልታዞር ሞከረች። ውስጡ የገባው አሸዋ ተንቋቋና መዘውሩ ቀጥ አለ። «እሱን መች አጣሁት?» አለች ቀና ሳትል። «ያን ቀን ስትመጣ ፊትህ አመድ መስሎ ነበር። ሰው ካላስፈረምክ እንደሚያባርሩህ ገባኝ። እኔ ለራሴ ብዬ መች ፈረምኩ፣ ልጄ?»

ቀና ስትል ዓይኗ ኮቱ ላይ አረፈ። ሥራ ሲጀምር በዚያው ማሽን የሰፋችለት ኮት ነው፤ አንዱ ቁልፍ በክር ተንጠልጥሏል።

«ና እስቲ ወዲህ! እንዲህ ሆነህ ነው ሰው ፊት የምትቆመው?» አለችና መርፌ ፍለጋ እጇን እንደ ልማዷ ወደ ማሽኑ መሳቢያ ሰደደች። ይዛ የወጣችው አንድ እፍኝ ጭቃ ነበር።