ስሙን ጥራ

ገመዱ በአራት ሰዎች መዳፍ ውስጥ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። «ሄላ ወህባ! ሄላ ወህባ!» ይላሉ፣ አንድ ክንድ በለቀቁ ቁጥር። ሙዲሩ፣ የቁፋሮው ፈረንጅ ኃላፊ፣ ወገቡን ታስሮ፣ አንድ ጠርሙስ ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ጥንታዊው መቃብር ጉድጓድ ይወርዳል።

የዘንድሮው ቁፋሮ ዛሬ አልቋል። የተገኘው ዕቃ በሣጥን ሆኖ ከጧት ጀምሮ ወደ ወንዙ ዳር ወርዷል። በጉድጓዱ አፍ ላይ የአሸዋ ክምር በአንድ ሳንቃ ታግዶ ቆሟል፤ ከጎኑ የሞሉ ዘንቢሎች ተሰልፈዋል። ሙዲሩ ሲወጣ ጉድጓዱ ይደፈናል። ጠርሙሱ ግን እታች ይቀራል። ውስጡ ያለው ወረቀት ማን እንደቆፈረና መቼ እንደቆፈረ ወደፊት ለሚመጡ ቆፋሪዎች ይነግራል።

ፈረንጁ ከመውረዱ በፊት ወረቀቱን በአረብኛ አነበበላቸው፣ ደስ ይላቸዋል ብሎ። መጨረሻው «በሥራው በማንም ሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም» ይላል።

የሠራተኞቹ አለቃ በድራን ይህን ሲሰማ ገመዱን ደግሞ ፈተሸው። ጥር ላይ የዚሁ ጉድጓድ ግድግዳ ታናሽ ወንድሙ ላይ ተንዶ ገድሎታል። በዋዜማው በድራን «ግድግዳው እየተፈረፈረ ነው፣ በእንጨት እንደግፈው» ብሎ ነበር። ሙዲሩ «ነገ» አለው።

«ጨርሻለሁ! ጎትቱ!» የሚል ድምፅ ከታች ይመጣል።

ማንም አይጎትትም። በድራን በጉድጓዱ አፍ ላይ ይንበረከካል።

«ሙዲር! ጥር ላይ እዚያ የሞተው ሰው ስሙ ማን ነበር?»

«ምን አልክ?»

«ስሙን ጥራ። ስሙ ከአፍህ ሲወጣ እንጎትትሃለን። ወላሂ!»

ከታች አጭር ሳቅ ይሰማል። «በድራን፣ ቀልዱን ተው። ሙቀቱ አይቻልም።»

«የመቃብሩን ባለቤት ስም ታውቃለህ። የአባቱንም የእናቱንም ታውቃለህ። ግድግዳው ላይ ከወንበሩ ሥር የተሣለውን የውሻውን ስም እንኳ አስተምረኸናል። ስሙ የጠፋ ሰው ሁለቴ ይሞታል ያልከን አንተ ነህ። በል ጥራ።»

ከታች፣ «አሕመድ!»

ከገመድ ያዦቹ አንዱ አንገቱን ያሰግጋል። «አቤት ጌታዬ! አለሁ! ምሳዬን እንኳ ገና አልበላሁም!»

ሦስቱ ይስቃሉ። በድራን አይስቅም። አንድ ዘንቢል አንስቶ አሸዋውን ወደታች ይለቀዋል።

ሙዲሩ ያስላል። «አብደሃል? ማሕሙድ! ማሕሙድ ነው!»

«ማሕሙድ አጎቴ ነው» ይላል ሁለተኛው፣ «ለገበያ ቄና ከተማ ሄዷል። ሲመለስ እንደፈለጉት እነግረዋለሁ።»

ሌላ ዘንቢል።

«ሐሰን! ዓሊ!»

«ለሁለት ስም ሁለት ዘንቢል» ይላል አሕመድ። አሁን ግን የሚስቅ የለም። በድራን ሁለቱንም ይደፋል። አሕመድ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «አለቃ፣ ይበቃዋል። ለፖሊስ ቢነግርስ?»

«ምን ብሎ? እኔ ያስገደልኩትን ሰው ስም ጥራ አሉኝ ብሎ?»

አምስተኛው ዘንቢል ይወርዳል። ስድስተኛው። የሚያግዘው የለም፤ የሚከለክለውም የለም።

«አላውቅም!» ይላል ሙዲሩ። ድምፁ ተሰብሯል። «በድራን፣ አላውቅም! ብዙ ናችሁ!»

በድራን ባዶውን ዘንቢል ይጥለዋል። ተነሥቶ ወደ ሳንቃው ይሄዳል። ሳንቃው ከተነሣ ክምሩ በሙሉ ወደ ጉድጓዱ ነው። ሁለት እጁን ሳንቃው ላይ ያሳርፋል። አራቱ ሰዎች ያዩታል፤ ገመዱ በእጃቸው ላይ ረግቧል።

ድንገት ገመዱ ይወጠራል። ሙዲሩ ከታች በሁለት እጁ እየጎተተው ነው። ሠራተኞቹ ሸክም ሲያነሡ የሚሉትን፣ እርሱም ጧት ማታ የሚሰማውን ይጮኻል።

«ሄላ ወህባ! ኧረ በአላህ! ሄላ ወህባ!»

የአራቱ ሰዎች እጅ በልማድ አንድ ክንድ ይስባል። ከዚያ ቀጥ ይላሉ።

ድሮ «ሄላ ሆባ» ነበር የሚባለው። ሆባ ትርጉም የለውም፤ የጉልበት ጩኸት ነው። ዜማውን የሚያወጣው የበድራን ወንድም ወህባ ነበር። እርሱን የቀበሩ ዕለት ሰዎቹ ገመዱን ሲይዙ፣ ማንም ማንን ሳያማክር፣ ቃሉ ከአፋቸው ተለውጦ ወጣ። ሙዲሩ ልዩነቱን አልሰማም። ይኸው አሁንም አላወቀም።

«ጠራው» ይላል አሕመድ በሹክሹክታ። «ምለሃል፣ አለቃ።»

በድራን ሳንቃውን ጨብጦ ይቆያል። ከዚያ እጁን ከሳንቃው ላይ ያነሣል።

«ጎትቱት» ይላል።

ሙዲሩ ሲወጣ ጸጉሩም ሽፋሽፍቱም አሸዋ ነው፤ እንባው ጉንጩ ላይ ሁለት መስመር አስምሯል። መሬት ላይ ተቀምጦ ይተነፍሳል። ከዚያ ከኪሱ ማስታወሻ ደብተሩንና እርሳሱን ያወጣል።

«ሳልጠራው አወጣችሁኝ» ይላል ቀስ ብሎ። «ስሙ ማን ነበር? ንገረኝ፣ በድራን። እጽፈዋለሁ።»

በድራን ወደ ሳንቃው ይመለሳል።

«ቆፋሪ አይደለህ? ቆፍረህ አውጣው።»

ሳንቃውን በእግሩ ይመታዋል። አሸዋው እያጓራ ጠርሙሱ ላይ ይወርዳል። አራቱ ሰዎች ዘንቢላቸውን ያነሣሉ።

«ሄላ ወህባ! ሄላ ወህባ!»

ሙዲሩ ተነሥቶ መካከላቸው ይቆማል፤ እርሳሱን እንደያዘ የእያንዳንዱን ፊት ያያል። በተከፈተው ባዶ ገጽ ላይ አቧራው ቀስ በቀስ ያርፋል።